አጽድቼ ያጠፋሁት ወንበር

ተዋናይቷ መጀመሪያ ስክሪኑን አየች። ከዚያ እኔን አየች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት።

ለእኔ ሦስት ሌሊት ያደርኩበት ሥራ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ጥቁር ጥብቅ ልብስ ለብሳ፣ ትናንሽ አብረቅራቂ ኳሶች ከራሷ እስከ እግሯ ተለጥፈውባት፣ በአሜሪካ የምልክት ቋንቋ አንድ ረጅም ንግግር ተናግራ ነበር። ያንን እንቅስቃሴ ወስጄ አጸዳሁት። የጎደለውን ሞላሁ፣ የሚንቀጠቀጠውን አለሰለስኩ። ስክሪኑ ላይ የቆመችው የእናት መንፈስ እጆቿ እንደ ውኃ ይፈስሳሉ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ጉራም ይዞኝ ነበር።

«እኔ 'ወንበሬ ባዶ ነው' ነው ያልኩት» አለች በአስተርጓሚዋ በኩል። «ያንተዋ መንፈስ ግን 'እቀመጣለሁ… ባዶ' ነው የምትለው። ምን ማለቷ ነው?»

ቴአትሩ እናታቸው ከሞተች በኋላ በወንበሯ ስለሚጣሉ ሦስት እህትማማቾች ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለ አንድ ወንበር ነው። እኔ ደግሞ ወንበሩን አጠፋሁት።

በአሜሪካ የምልክት ቋንቋ «ወንበር» እና «መቀመጥ» መንትያ ናቸው። የእጁ ቅርጽ አንድ ነው። የአንዱ እጅ ሁለት ጣቶች በሌላው እጅ ሁለት ጣቶች ላይ ያርፋሉ፤ ሰው እግሩን አንጠልጥሎ እንደሚቀመጥ። ልዩነቱ እንቅስቃሴው ላይ ነው። አንዴ ካረፉ ግስ ነው። አጠር አድርገው ሁለቴ መታ መታ ካደረጉ ስም ነው። ቴድ ሱፓላና ኤሊሳ ኒውፖርት የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በ1978 በዝርዝር አሳይተዋል፤ ብዙ ጥንድ ቃላት በዚሁ መንገድ ይለያያሉ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እኔ ይህን አላነበብኩም ነበር። የማጽጃ ፕሮግራሜም አላነበበውም። ሁለተኛዋ ምት የኳስ መንቀጥቀጥ መሰለችውና ከመጀመሪያዋ ጋር አዋሃዳት።

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ይከብደኛል። እናቴ «ኮምፒውተር ላይ ነው» ብላ ትገላገላለች። ስሙ ሞሽን ካፕቸር ነው፤ የሰውን እንቅስቃሴ ከሰውየው ለይቶ መቅረጽ። በአንድ ሰፊ ክፍል ዙሪያ ካሜራዎች ይሰቀላሉ። ካሜራዎቹ መልክ አያዩም። ኢንፍራሬድ የሚባል፣ ለዓይናችን የማይታይ ብርሃን ይለቃሉ፤ ልብሱ ላይ ያሉት ኳሶች ያንን ብርሃን ይመልሳሉ። አንዷን ኳስ ቢያንስ ሁለት ካሜራዎች ካዩዋት ኮምፒውተሩ የት እንዳለች ያሰላል። ይህን በሴኮንድ 120 ጊዜ ይደጋግማል። የምታገኘው በጨለማ ውስጥ የሚርመሰመስ የነጥብ መንጋ ነው። ከነጥቦቹ አጽም ትሠራለህ። በአጽሙ ላይ ደግሞ የፈለግከውን ገላ ታለብሰዋለህ፤ ወታደር፣ ዘንዶ፣ መንፈስ።

የቀን እንጀራዬ ወታደር ነው። ለቪዲዮ ጌም የሚሮጡ፣ የሚወድቁ፣ የሚሞቱ ወታደሮችን እንቅስቃሴ አጸዳለሁ። የሚሮጥ ወታደር ጣቱ ምን እንደሚያደርግ የሚጠይቅ ሰው የለም። ስለዚህ ጣት በእኛ ሙያ የመጨረሻው ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ ጭራሽ አንቀርጸውም፤ በኋላ በእጅ እንሞላዋለን። የምልክት ቋንቋ ቴአትር ውስጥ ስገባ ዓለሜ ተገለበጠ። እግር ማንም አይፈልገውም። ጣት ግን ሁሉ ነገር ነው። ጣቶች ደግሞ ይጠጋጋሉ፣ አንዱ አንዱን ይሸፍናል፣ ኮምፒውተሩ የአመልካች ጣትን ኳስ ከመሃል ጣት ኳስ ጋር ያምታታል። እንቅስቃሴ የሚለካ ሴንሰር ያለው ጓንት ብናደርግላትስ አልን። ጓንቱ ጣት ቢሸፈንም አይጠፋበትም፤ ግን ሁለት እጆች የት ላይ እንደተነካኩ በትክክል አያውቅም። ተዋናይቷ አንድ ሰዓት ለብሳው አወለቀችው። «አፌ ውስጥ ካልሲ ጠቅጥቄ እንደማውራት ነው» አለች።

በነፃ ልሥራ ብዬ የገባሁት ራሴ ነኝ። ምክንያቱ እህቴ ናት።

እህቴ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። በአራት ዓመቷ ማጅራት ገትር ያዛት፤ ነፍሷ ተረፈ፣ ጆሮዋ ሄደ። አዲስ አበባ መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተከፈተ ትምህርት ቤት ገባች። ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ስትመለስ አዲስ ምልክት ይዛ ትመጣለች፤ ብቸኛው ተማሪዋ እኔ ነበርኩ። ሰነፍ ተማሪ። የኔታ ጋ ሄጄ ሀሁ ከመቁጠሬ በፊት ሀሁን በጣት ነው የቆጠርኩት።

የጣት ፊደላችንን አይታችሁ የማታውቁ ካላችሁ አንዴ ፈልጋችሁ እዩት። የእንግሊዝኛ ፊደልን በአንድ እጅ የሚጽፉት አሜሪካኖች ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቅርጽ አላቸው። ከጄ እና ከዜድ በስተቀር እጁ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የእኛ ፊደል ግን ሰባት ቤት አለው፤ ያን ሁሉ ቅርጽ የትኛው ጣት ይችለዋል? መፍትሔው ብልህ ነው። የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ይነግርሃል፣ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ አናባቢውን። ቅርጹ የ«ለ» ዘር መሆኑን ታያለህ፤ «ሉ» ይሁን «ሊ» ወይም «ላ» የምታውቀው ግን እጁ በሄደበት ነው። አናባቢያችን እንቅስቃሴ ነው ማለት ነው። ፎቶ አንሥተህ ብታስቀረው ተነባቢው ብቻውን ይቀራል፤ ልክ ከኤዛና ዘመን በፊት እንደነበረው፣ አናባቢ እንዳልተጨመረበት የድንጋይ ላይ ግዕዝ።

ካይል ዱዋርቴ የሚባል ተመራማሪ በ2010 ስለዚሁ የጣት ፊደል ጽፏል። ይኸው ሰው በሞሽን ካፕቸር የተቀረጸ የፈረንሳይ የምልክት ቋንቋ ላይም ሠርቷል። ይህን ሳውቅ አልገረመኝም። ሀሁን በእጅ ያጠና ሰው እንቅስቃሴን ሳይቀርጽ አያርፍም።

የእኔ ችግር ካዕብ ነው። ሁ፣ ሉ፣ ሙ ስል እጄ ቦታውን ይስታል። እህቴ ገና በልጅነቴ «ካዕብህ ሰክሯል» አለችኝ። እስከ ዛሬ አልሰከነም።

አንድ ነገር ልጨምር። ማታ መብራት ሲጠፋ የቤታችን ወሬ አይቋረጥም፤ አባቴ ጨለማው ውስጥ ጨዋታውን ይቀጥላል። እህቴ ግን በአንድ ጊዜ ከቤት እንደተባረረች ያህል ነው። ሻማ ፈልጌ እጆቿ አጠገብ እይዝላት ነበር። ሻማው ካለቀ መዳፌ ላይ በጣቷ ትጽፋለች። እዚህ አሜሪካ መጥቼ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ ቀን የስቱዲዮው መብራት በሙሉ ጠፍቶ ካሜራዎቹ ግን የሰውየውን እጅ ሲከተሉ አየሁ። ጨለማ አይመለከታቸውም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ዋሽንግተን ስመጣ የምልክት ቋንቋ በዓለም ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ኤች ስትሪት ላይ ሠራተኞቹ በምልክት ቋንቋ የሚያስተናግዱበት ስታርባክስ አለ፤ በ2018 ነው የተከፈተው፣ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች የሚማሩበት የጋሎዴት ዩኒቨርሲቲም ቅርብ ነው። ገብቼ ስሜን በአማርኛ የጣት ፊደል ጻፍኩ። በኩራት። ልጅቷ እጄ መወዛወዙን እስኪያቆም በትዕግሥት ጠበቀችኝ፤ ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀበለችኝ። የቴአትር ቡድኑን ያወቅሁት እዚያው ቡና ስጠጣ ነው፤ ትንሽ ቡድን ናቸው፣ ገንዘብም የላቸው። አዘጋጇም መስማት የተሳናት ናት።

ከወንበሩ በኋላ ሌላ ጉድ መጣ። አዘጋጇ መንፈሷ ቀጭን፣ አንገተ ረጅም ትሁንልኝ አለች፤ እንደ ጥላ የተሳበች። አደረግኩላት። መንፈሷ ለልጆቿ «እናታችሁ ነኝ» የምትልበት ቦታ ላይ ስንደርስ «ደህና ነኝ» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምስት ጣት ዘርግተህ አውራ ጣትህን አገጭህ ላይ ብታስነካ «እናት» ነው። ያንኑ እጅ ግንባርህ ላይ ብታደርገው «አባት»። ደረትህ ላይ ብታደርገው «ደህና»። እጁ አንድ ነው፤ ትርጉሙን የሚለውጠው የሚያርፍበት ቦታ ነው። እኔ የተዋናይቷን ክንድ እንቅስቃሴ አንገተ ረጅሟ ላይ ገልብጬ ስጭነው እጇ አገጯ ጋ አልደረሰም፤ ደረቷ ላይ ቀረ። ሞታ የመጣች እናት ለልጆቿ «ደህና ነኝ» ስትል አስቡት። እንደ ሐበሻ ካየሁት ደህና ነኝ እግዚአብሔር ይመስገን ማለት ከመቃብርም የሚጠበቅ ነው። አዘጋጇ ግን አልሳቀችም። አውራ ጣቱን ከአገጩ ጋር ምስል በምስል እያሰርኩ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ።

ዊልያም ስቶኪ የሚባል የጋሎዴት መምህር በ1960 ያሳተመው ጥናት ይህንኑ ነበር የሚለው። ምልክት የተሠራው ከእጅ ቅርጽ፣ ከቦታና ከእንቅስቃሴ ነው፤ አንዱን ብትለውጥ ቃሉ ይለወጣል፤ ስለዚህ ይህ ቋንቋ ነው እንጂ የእጅ ጨዋታ አይደለም። ያኔ ባልደረቦቹ ራሳቸው ስቀውበታል። እኔ ከስንት ዓመት በኋላ ሦስቱንም በየተራ አበላሽቼ ነው ያረጋገጥኩለት።

ፊትን ደግሞ አትጠይቁኝ። ቅንድብ ከፍ ሲል «ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ነው። ቅንድብ ሲኮሳተር «ማን? ለምን?» ነው። ራስ ሲነቀነቅ አረፍተ ነገሩ አሉታ ይሆናል። ፊት ለመቅረጽ ተዋናዩ ትንሽ ካሜራ ከፊቱ የተንጠለጠለችበት ሄልሜት ያደርጋል። ካሜራዋ የምትንጠለጠለው የት ነው? አፍና አገጭ ፊት ለፊት። «እናት» የሚባልበት ቦታ ላይ! ተዋናይቷ ሁለት ጊዜ በአውራ ጣቷ ካሜራዋን መታቻት። ፊቷን ለብቻ፣ እጇን ለብቻ ቀረጽንና አጋጠምን። ሲጋጠም የራስ ንቅናቄው በአንድ ቃል ዘገየ፤ «አልረሳችሁም» የሚለው «እረሳችኋለሁ… አይ» ሆነ። አስተካከልነው። ይለፍ።

እዚህ ድረስ የነገርኳችሁ የእኔን ቀሽምነት ነው። ዋናው ግን መድረኩ ላይ መጣ።

የመጀመሪያው ሐሳብ ሁሉም ነገር በቀጥታ ይሁን የሚል ነበር። ተዋናይቷ ልብሱን ለብሳ መድረክ ላይ ትናገራለች፣ ከኋላዋ ባለው ትልቅ ስክሪን መንፈሷ እኩል ትናገራለች። እንዲህ ያለ ነገር በድምፅ ቴአትር ተሠርቷል። የእንግሊዙ ሮያል ሼክስፒር ካምፓኒ በ2016 ከኢንቴልና ከኢማጂናሪየም ስቱዲዮ ጋር ሆኖ «ዘ ቴምፔስት»ን ሲያቀርብ፣ ማርክ ኳርትሊ የተባለው ተዋናይ ሴንሰር ያለው ልብስ ለብሶ መንፈሱን ኤሪየልን በቀጥታ ያንቀሳቅስ ነበር። እኔም ልቤ ያረፈው እሱ ላይ ነው።

ለልምምድ የጋበዝናቸው ተመልካቾች መጡ። ግማሾቹ ይሰማሉ፣ ግማሾቹ መስማት የተሳናቸው ናቸው። የምንሰማው ሰዎች አፋችንን ከፍተን አየን። ሌሎቹ ከአሥር ደቂቃ በኋላ መቁነጥነጥ ጀመሩ። አንድ ሽማግሌ በመጨረሻ እጃቸውን አነሡና ጠየቁ፦ «ማንን ልስማ?»

አስተርጓሚው «ልስማ» ብሎ ነው የተረጎመው። አሁን ሳስበው የዚያን ዕለት ትልቁ ቃል እሱ ነበር። ኤሪየል ሲናገር ተመልካቹ በዓይኑ ስክሪኑን እያየ በጆሮው ይሰማል። ዓይን አንድ ሥራ፣ ጆሮ ሌላ ሥራ። በምልክት ቋንቋ ቴአትር ግን ዓይን ሁለቱንም ነው። ተዋናይቷና ጥላዋ እኩል ሲናገሩ፣ በእኛ አባባል አንድን ንግግር ሁለት ሰው በሁለት ጆሮህ እኩል እንደሚጮህብህ ነው። ያውም አንዱ በግማሽ ሴኮንድ እየዘገየ። ዴፍ ዌስት የሚባለው የሎስ አንጀለስ ቴአትር ቡድን በ2015 ብሮድዌይ ላይ ሙዚቃዊ ድራማ ሲያቀርብ፣ መስማት ከተሳናቸው ተዋናዮች ለአንዳንዶቹ ድምፅ የሚሆን ሌላ ተዋናይ ሰጥቷቸው ነበር። ድምፅ ለእጅ ቦታ አይሻማም። ሁለት ጥንድ እጆች ግን ይሻማሉ።

አዘጋጇ ያን ማታ ብዙ አላወራችም። በማግስቱ መጥታ ሦስት ነገር ቆረጠች። ሕያው ሰው ሲናገር መንፈሷ እጇን አውርዳ ትቆማለች፤ እሷም ተራዋን ትጠብቅ። በቀጥታ የሚለው ቀረ። ሦስተኛው ደግሞ ያላሰብኩት ነው፦ በመጨረሻው ትዕይንት ገላውን አውልቅልኝ አለች። አጽሙንም። ነጥቦቹ ብቻ ይቅሩ።

«ከነጥብ ምን ያነባሉ?» አልኳት። ሥራዬን መልሳ የምትጥለው መስሎኝ ከፍቶኝም ነበር።

ሳቀችብኝ። ቀድሞ የተሞከረ ነገር ነው ለካ። ጉናር ዮሃንሰን የሚባል ስዊድናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1973 በሰዎች መገጣጠሚያ ላይ መብራት አስሮ በጨለማ አስኬዳቸው። ነጥቦቹ ሲቆሙ ተመልካቹ ምንም አያይም፤ ሲንቀሳቀሱ ወዲያው ሰው ነው ይላል። በ1981 ደግሞ ካሊፎርኒያ በሚገኘው ሳልክ ኢንስቲትዩት ኡርሱላ ቤሉጂና ባልደረቦቿ ያንኑ በአሜሪካ የምልክት ቋንቋ ሞከሩት። መስማት የተሳናቸው ተመልካቾች ከነጥቦቹ ብቻ የምልክቶቹን እንቅስቃሴ ለይተው አወቁ።

በመክፈቻው ምሽት መብራቱ ጠፋ። ስክሪኑ ላይ ነጥቦች ብቻ ቀሩ። አጠገቤ የተቀመጠው፣ እንደኔ የሚሰማው ጓደኛዬ «ኮከብ ይመስላል፣ ያምራል» አለኝ በሹክሹክታ። ከፊታችን ያሉት ሴት ግን እያለቀሱ ነበር። እሳቸው ኮከብ አላዩም። «ወንበሬን ለትንሿ ስጧት» የሚለውን ነበር የሚሰሙት። ሁለቱም የወንበሩ ምቶች ነበሩ፤ መታ፣ መታ። ያን ፋይል አላጸዳሁትም ነበር። አዘጋጇ እንዳልነካው ከልክላኝ፣ መንቀጥቀጡ ሁሉ እንዳለ ነው የወጣው። በኋላ ስትነግረኝ ተዋናይቷ ያን ቀን እናቷን ከሆስፒታል አምጥታ ነበር ወደ ስቱዲዮ የመጣችው። እኔ ሥራ ላይ «ኖይዝ» የምለው ያ ነበር።

ከቴአትሩ በኋላ አንድ ሰውዬ ካርዱን ሰጠኝ። ይህን ነገር ሆስፒታል ውስጥ ለአስተርጓሚ ምትክ ማድረግ አይቻልም ወይ፣ ርካሽ ይሆናል አለ። የሰውየውን ፊት ሳይ ክፋት አልነበረበትም። የዓለም መስማት የተሳናቸው ፌዴሬሽንና የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎች የዓለም ማኅበር ግን በ2018 ባወጡት የጋራ መግለጫ አቫታር፣ ማለትም በኮምፒውተር የተሠራ ገጸ ባሕርይ፣ ሰውን እንዳይተካ አስጠንቅቀዋል፤ የሚጠቅመው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ለማይለዋወጥ መረጃ ነው፣ ለምሳሌ ባቡር ጣቢያ። እኔም ወንበር ወደ መቀመጥ እንዴት እንደሚለወጥ አይቻለሁ። የመድኃኒት መጠን ሲለወጥ ማየት አልፈልግም። ሙያው በእነሱ እጅ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ጋሎዴት ውስጥ ሜሊሳ ማልዝኩን የመሠረተችው ሞሽን ላይት ላብ የተባለ ቤተ ሙከራ፣ እሷም መስማት የተሳናት ናት፣ ለሕፃናት በምልክት ቋንቋ የሚናገሩ ገጸ ባሕርያትን በዚሁ ቴክኖሎጂ ይሠራል። እዚያ መታ መታውን የሚያጠፋ ሰው ወዲያው ይያዛል።

ተዋናይቷ ስትሰናበተኝ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ጥሬውን ፋይል፣ ያልጸዳውን። «እጄን በአንተ ኮምፒውተር ውስጥ ትቼ አልሄድም» አለች። ቀዳሁላትና የእኔን አጠፋሁት። የወታደሮቹን እንቅስቃሴ ባለቤቶች እንዲህ ጠይቄ አላውቅም፤ እነሱም ጠይቀውኝ አያውቁም።

ባለፈው እሑድ ስቱዲዮው ባዶ ነበር። ልብሱን እኔ ለበስኩት። ሆዴ አልገባ ብሎ ተቸገርኩ እንጂ ኳሶቹን ራሴ ለጠፍኩ። ለእህቴ አጭር ሰላምታ በጣት ፊደል ጻፍኩላት፤ እንዴት ሰነበትሽ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው ወይ፣ እንዲህ ያለውን። ገላ አላለበስኩትም። ነጥቦቹን ብቻ ቪዲዮ አድርጌ፣ ማን እንደሆነ ሳልነግራት በቴሌግራም ላክሁላት።

አዲስ አበባ ሌሊት ነበር። መብራት አለ መሰለኝ፣ ወዲያው በቪዲዮ ደወለች። እንደ ተኛች ነው፣ ሻሽ አስራለች፣ ስልኩን ትራሱ ላይ አስደግፋ ሁለቱንም እጆቿን ነፃ አወጣች። ወፍረሃል አለችኝ መጀመሪያ። ከነጥብ እንዴት እንዳወቀች አልገባኝም። ከዚያ እጇን ወደ ካሜራው አስጠጋችና ቀስ አድርጋ፣ ለሰነፍ ተማሪ እንደሚደረገው፣ ሁ፣ ሉ፣ ሙ ብላ አስቆጠረችኝ።